ፒኤቹ ለምን አልረጋ አለ? ከፕሮግራሙ በፊት ውሃውንና ሴንሰሩን እንይ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ያለ አፈር፣ በ200 ሊትር ገንዳ ውስጥ በሚዘዋወር ውሃ ሰላጣ ያመርታሉ። ከጥቂት ወራት በፊት የፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበረታል) እና የኢሲ (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ፤ የሟሟውን ጨው መጠን ይጠቁማል) ሴንሰር፣ አንድ ማይክሮኮንትሮለር የሚባል ትንሽ ኮምፒውተርና ሦስት ትንንሽ ፓምፖች ገጥመው ንጥረ ነገሩንም አሲዱንም ማሽኑ ራሱ እንዲጨምር አድርገዋል። ፕሮግራሙ ፒኤች ከ5.8 ሲበልጥ አሲድ ይጨምራል፣ 5.8 ሲደርስ ያቆማል። ይሁን እንጂ ፒኤቹ ቀኑን ሙሉ በ5.1 እና በ6.8 መካከል ይዋልላል፤ የአሲዱ ጠርሙስ በየሳምንቱ ያልቃል፤ አዲስ የሚወጡት ቅጠሎች ጅማታቸው አረንጓዴ ሆኖ መካከሉ ቢጫ እየሆነ ነው። «ፒአይዲ የሚባለውን የቁጥጥር ስሌት ልጠቀም ወይስ የተሻለ ሴንሰር ልግዛ? የናይትሬት ሴንሰርስ ልጨምርበት?» ብለው ይጠይቃሉ።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርዎት፤ ለጊዜው ከሦስቱም አንዱም አያስፈልግዎትም። ማሽንዎ የጎደለው ትዕግሥት ነው። ያደረገው ነገር ምን እንዳስከተለ ሳያይ ደግሞ ያደርጋል፤ የሚያምነውም አንዲት ቁጥር ብቻ ነው። ንጥረ ነገር የሟሟበትን ውሃ፣ ከዚህ በኋላ ሙሙት የምለውን፣ የሚቆጣጠር መሣሪያ ከሁሉ በፊት መጠበቅን ማወቅ አለበት፤ ቀጥሎም «ይህን ቁጥር አላምንም፣ ሰው ይምጣልኝ» ብሎ እጁን መሰብሰብ መቻል አለበት። ሌላውን ብልሃት ሁሉ ከዚያ በኋላ ልንነጋገርበት እንችላለን።

ከመዋለሉ እንጀምር። ጨው ጨምሮ ሳያማስል ከላይ የሚቀምስ ሰው ጨው የጎደለ ይመስለውና ደግሞ ይጨምራል። የእርስዎም ማሽን የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አሲዱ በገንዳው አንድ ጥግ ይንጠባጠባል፤ ሴንሰሩ ሌላው ጥግ ላይ ነው እንበል። ፕሮግራሙ በየሰከንዱ እያነበበ 6.3 ሲያይ ፓምፑን ያስነሳል። አሲዱ ሴንሰሩ ዘንድ እስኪደርስ ቁጥሩ ስለማይነቃነቅ ፓምፑም አያርፍም። ቁጥሩ 5.8 ሲነካ ፓምፑ ይቆማል፤ መንገድ ላይ ያለው አሲድ ግን ገና እየመጣ ነው። 5.1 የሚያዩት ያኔ ነው።

ይህን በግምት መተው አያስፈልግም፤ መለካት ይቻላል። አውቶማቲኩን ያጥፉትና ወረቀትና እርሳስ ይዘው ገንዳው አጠገብ ይቀመጡ። የአሲዱ ቱቦ በሚፈስበት ቦታ 5 ሚሊ ሊትር የተበረዘ አሲድ በሲሪንጅ ይጨምሩና ፒኤቹን በየ30 ሰከንዱ ይጻፉ። መጀመሪያ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ከዚያ ቁጥሩ ድንገት ይወርዳል፣ ከሚገባው በታች ይሄድና ጥቂት ተመልሶ ይወጣል፣ በመጨረሻም ይረጋል። ከጨመሩበት ቅጽበት እስኪረጋ ያለው ጊዜ የገንዳዎ የመቀላቀያ ጊዜ ነው። የሚያዘዋውረው ፓምፕ በሰዓት 1000 ሊትር የሚገፋ ከሆነ 200 ሊትሩን አንድ ጊዜ ለማዞር 12 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በደንብ እስኪቀላቀል ሁለትና ሦስት ዙር ቢፈልግ አይግረምዎ። ማሽንዎ ከእያንዳንዱ ጭማሪ በኋላ ቢያንስ ያን ያህል ጊዜ ምንም ሳያደርግ መቆየት አለበት። ሴንሰሩንም አሲዱ ከሚወርድበትና የአየር አረፋ ከሚፈላበት ቦታ አርቀው፣ የተቀላቀለው ውሃ ወደ ሰላጣው በሚወጣበት በኩል ያስቀምጡት።

ቀጥሎ የመጠኑ ጉዳይ ይመጣል። «5.8 እስኪደርስ ጨምር» የሚለውን ትእዛዝ ከፕሮግራሙ ያውጡት። በምትኩ «ይህን ያህል ሚሊ ሊትር ጨምር፣ 30 ደቂቃ ጠብቅ፣ እንደገና አንብብ» ይበል። የአንዱ ጭማሪ መጠን ያስፈልጋል ብለው ካሰቡት ግማሽ ቢሆን እመርጣለሁ። ሁለተኛው ለውጥ ማሽኑ ዝም የሚልበት ክልል መስጠት ነው። ለአብዛኛው ያለ አፈር ለሚበቅል ተክል ከ5.5 እስከ 6.5 ያለው ፒኤች ይስማማዋል፤ ሰላጣ 5.8ን ከ6.0 ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ ማሽኑ 6.2 ሲያልፍ ይነሳ፣ 5.9 አካባቢ ሲደርስ ያቁም፤ በመካከሉ ዝም ይበል። አንዲት ነጥብ ላይ እንዲቆም የታዘዘ ማሽን መቼም አያርፍም፤ ፓምፑም ቱቦውም በከንቱ ያልቃሉ።

ፒአይዲን የምቃወመው ስሌቱ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ምድጃን ለመቆጣጠር ግሩም ነው፤ ምድጃ ከመጠን በላይ ቢግል ራሱ ይቀዘቅዛልና። ገንዳ ውስጥ የገባ አሲድ ግን ተመልሶ አይወጣም። ፓምፕዎ መጨመር እንጂ መቀነስ አያውቅም። በተጨማሪም የፒአይዲ አንዱ ክፍል ያለፈውን ስህተት እየደመረ የሚያድግ ነው፤ አሲዱ በመንገድ ላይ ሳለም መደመሩን አይተውም። አንዳንዶች ለዚህ መፍትሔ ብለው ፒኤች የሚያወጣ ሁለተኛ ፓምፕ፣ ለምሳሌ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚጨምር፣ ይገጥማሉ። ያን እንዳያደርጉ አጥብቄ እመክራለሁ። ሁለቱ ፓምፖች ሌሊቱን ሙሉ እየተገፋፉ ያድራሉ፤ የሚጎዳው ጨው የሚከማችበት ሙሙት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ። ፒኤቹን ከ5.1 መልሶ እስከ 6.8 የሚያወጣው ማን ነው? አንዱ ተክሉ ራሱ ነው። ሥር ናይትሬት ሲወስድ በምትኩ ሃይድሮክሳይድ ወይም ባይካርቦኔት ያስወጣል፤ ስለዚህ ፒኤች ቀስ እያለ ይወጣል። አሞኒየም ሲወስድ ደግሞ ሃይድሮጅን ያስወጣና ፒኤች ይወርዳል። አብዛኛው የሃይድሮፖኒክስ፣ ማለትም ያለ አፈር የሚመረት ተክል፣ ማዳበሪያ ናይትሮጅኑ በናይትሬት መልክ ስለሆነ ቀስ ያለ ወደ ላይ መሄድ የጤናማ ተክል ምልክት ነው። ነገር ግን ተክል በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይህን ያህል አያወጣም። የአሲዱ ጠርሙስ በሳምንት ማለቁን ስሰማ ሐሳቤ የሄደው በውሃዎ ውስጥ ወዳለው ባይካርቦኔት ነው።

ከጉድጓድ የሚወጣና በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያለፈ ውሃ ብዙ ባይካርቦኔት ይይዛል። አሲድ ሲጨምሩበት ባይካርቦኔቱ አሲዱን ተቀብሎ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድነት ይለወጣል። ጋዙ ገና በውሃው ውስጥ ስላለ ፒኤቹ የወረደ ይመስላል። የአየር ፓምፑ አረፋ እያፈላ ጋዙን ሲያስወጣው ግን ከቀረው ባይካርቦኔት ጋር ሚዛኑ ይዛባና ፒኤቹ ተመልሶ ይወጣል። ማሽኑ ያንን አይቶ ደግሞ አሲድ ይጨምራል። ባይካርቦኔቱ ሌላም ጠባይ አለው፤ ማዕበልን እንደሚሰብር ግድብ የፒኤችን ለውጥ ይገታል፤ ይህ ግድብ ከሁሉ የሚጠነክረው በ6.3 አካባቢ ነው። ከ6.8 እስከ 6.0 ለማውረድ ብዙ አሲድ ይበላል፤ ከ5.5 በታች ግን ግድቡ ያልቅና ጥቂት ጠብታ ቁጥሩን ቁልቁል ይጥለዋል። ከላይ የሠራ የጭማሪ መጠን ከታች አደጋ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ይህንንም ቤትዎ ውስጥ መፈተን ይቻላል። ምንም ማዳበሪያ ያልገባበት 10 ሊትር ውሃ በባልዲ ይቅዱ። አሲድ በሲሪንጅ እየለኩ 5.8 ያድርሱትና ስንት ሚሊ ሊትር እንደፈጀ ይጻፉ። ከዚያ የአየር ድንጋይ (በአየር ፓምፕ ቱቦ ጫፍ የሚገጠም፣ አረፋ የሚያወጣ ድንጋይ) ከተውበት ያሳድሩት። ጠዋት 7 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ካገኙት ጥፋተኛው ተይዟል። እንደገና 5.8 ያድርሱትና አሁንም ይጻፉ፤ ሁለተኛው መጠን ከመጀመሪያው በጣም ያነሰ ሊሆን ይገባል። የሁለቱ ድምር ለ10 ሊትር ውሃ የሚያስፈልገው አሲድ ነው።

መፍትሔው አሲዱን ከገንዳው ውጪ ማዋል ነው። መሙያውን ውሃ በተለየ በርሜል ውስጥ አስቀድመው አሲድ ይስጡት፣ አየር እየነፋ ይደር፣ ጠዋት ትንሽ አስተካክለው ወደ ገንዳው ያስገቡት። አሁን እንደምገምተው ተንሳፋፊ ቫልቭ ያልታከመ ውሃ በቀጥታ ያስገባል፤ ባስገባ ቁጥርም አዲስ ባይካርቦኔት ይመጣል። ሴንሰሩ በመሙያው አጠገብ ከሆነማ 6.8 የሚያነበው የሙሙቱን ሳይሆን ገና ያልተቀላቀለውን የመሙያ ውሃ ሊሆን ይችላል። አሲድ ሲበርዙ ሁልጊዜ አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አያፍስሱ፤ ጓንትና የዓይን መከላከያ ያድርጉ። ይህን የማያደርግ ሰው አንድ ቀን ይጎዳል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ቢኖር አሲዱም ማዳበሪያ መሆኑን ነው። ውሃዎ በሊትር 3 ሚሊሞል (የሞለኪውሎች ብዛት መለኪያ) ባይካርቦኔት ቢኖረው፣ ለ200 ሊትሩ ከሞላ ጎደል 600 ሚሊሞል አሲድ ያስፈልጋል። በፎስፎሪክ አሲድ ካደረጉት በዚያ ፒኤች ከእያንዳንዱ ሞለኪውል አንድ ሃይድሮጅን ብቻ ስለሚያገኙ በሊትር ወደ 90 ሚሊ ግራም ፎስፈረስ ጨመሩ ማለት ነው። ዴኒስ ሆግላንድና ዳንኤል አርኖን በ1938 ያሳተሙት፣ ዛሬም ድረስ መነሻ የሆነው ቀመር የያዘው ፎስፈረስ በሊትር 31 ሚሊ ግራም ነው። እርስዎ በአሲዱ ብቻ ሦስት እጥፍ ገደማ ሰጡት፤ በየመሙያውም ይደገማል። የተትረፈረፈ ፎስፈረስ ብረትን ይይዛል፤ የቅጠሎቹ ቢጫነት አንዱ መነሻ ይህ ሊሆን ይችላል። በናይትሪክ አሲድ ቢሆን በሊትር ወደ 42 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ይመጣል፤ ያ ከማዳበሪያው ላይ ተቀንሶ ሊታሰብ የሚችል መጠን ነው። ናይትሪክ አሲድ ግን ከፎስፎሪክ ይልቅ አደገኛ ስለሆነ የተበረዘውን ማግኘት ከቻሉ እሱን ይምረጡ። የዝናብ ውሃ ወይም በሪቨርስ ኦስሞሲስ የተጣራ ውሃ መቀላቀልም ችግሩን ከሥሩ ይቀንሰዋል።

ስለ ቢጫዎቹ ቅጠሎች ይህን ልጨምር። ቢጫነቱ በአዲሶቹ ቅጠሎች ላይ ጀምሮ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ብረት ነው። ብረት በሙሙት ውስጥ ሟሙቶ የሚቆየው ኬሌት በሚባል ውህድ ታቅፎ ነው። ኢዲቲኤ የተባለው ኬሌት ፒኤች ከ6.5 ሲያልፍ ብረቱን መልቀቅ ይጀምራል፤ ዲቲፒኤ እስከ 7 ገደማ ይጸናል፤ ኢዲዲኤችኤ ከዚያም በላይ ይቋቋማል። በየቀኑ 6.8 የሚደርስ ገንዳ በኢዲቲኤ ብቻ መመገብ ብረቱን እያወረዱ መጣል ነው። ፒኤቹ እስኪረጋ ዲቲፒኤ ይጠቀሙ። ኬሌት በብርሃንም ስለሚፈርስ ገንዳውና የማዳበሪያው ጠርሙስ ይሸፈኑ። ለውጡን በአዲሶቹ ቅጠሎች ላይ ይጠብቁ እንጂ በድሮዎቹ አይፍረዱ።

አሁን ሴንሰሩ። የፒኤች ሴንሰር ጫፍ ስስ የብርጭቆ አምፖል ነው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ለእያንዳንዱ የፒኤች አሃድ 59 ሚሊቮልት ገደማ ይሰጣል፤ በፒኤች 7 ላይ ዜሮ ይሆናል። እያረጀ ሲሄድ 59ኙ ወደ 55፣ ወደ 50 ይወርዳል፤ ከ50 በታች የወረደ ሴንሰር መሸኘት አለበት። ደረቅ መሆን አይወድም፤ በተጣራ ውሃ ውስጥም አይቀመጥም፤ ማረፊያው በሊትር 3 ሞል ፖታሲየም ክሎራይድ ያለው ፈሳሽ ነው። ያለማቋረጥ የሚነከር ሴንሰር ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ካገለገለ ዕድሜውን ጠገበ ማለት ነው። በየሁለት ሳምንቱ በ7.00 እና በ4.01 ማመሳከሪያ ፈሳሽ ይፈትሹት፤ ፈሳሹን ከተጠቀሙበት በኋላ ወደ ጠርሙሱ አይመልሱት።

ያ ዜሮ ሚሊቮልት በ7 ላይ መሆኑ ዋጋ አስከፍሎኛልና ልንገርዎት። ከዓመታት በፊት የምከታተለው አንድ የሰላጣ ቤት ነበር፤ ቁጥጥሩን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት ቅጠሉ ሁሉ ፈላ ውሃ እንደፈሰሰበት ተዘርግቶ አገኘሁት። ስክሪኑ 7.02 ይላል። የእጅ መለኪያዬን ብነክረው 3.4 አለ። ሴንሰሩን አውጥቼ ብርሃን ላይ ሳዞረው በአምፖሉ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አየሁ። ስንጥቁ የውስጡንና የውጪውን ፈሳሽ አገናኝቷል፤ ልዩነት የለም፤ ዜሮ ሚሊቮልት፤ ስለዚህ 7። ማሽኑ 7 ሲያይ 5.8 ይፈልጋልና ሌሊቱን ሙሉ ጠርሙሱ እስኪያልቅ አሲድ ሲያፈስ አድሯል። የጻፍኩለትን ትእዛዝ አንድም ሳይስት ፈጽሟል። ሥሮቹን ሳነሳቸው ቡናማና ልሙጥ ሆነው በጣቴ መካከል ተንሸራተቱ። ከዚያ ቀን ወዲህ አሲድ የሚጨምር ፕሮግራም ስጽፍ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች የምሰጠው ላለመጨመር ምክንያቶች ነው።

በእርስዎም ፕሮግራም እነዚህ እንዲገቡ እፈልጋለሁ። ሁለት ጊዜ አሲድ ጨምሮ ፒኤቹ ምንም ካልተነቃነቀ ያቁም፣ ደወል ያሰማ፤ ያን ያህል አሲድ ገብቶ የማይለወጥ ሙሙት የለም፣ የማይለወጥ ሴንሰር ግን አለ። ቁጥሩ ለሰዓታት ከነጥብ በኋላ ባለው ሁለተኛ አሃዝ እንኳ ሳይንቀጠቀጥ ከቆመ ያቁም፤ ጤናማ ሴንሰር ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ውሃው ከተወሰነ ከፍታ በታች ከወረደ ወይም የሚያዘዋውረው ፓምፕ ከቆመ ምንም አይጨምር። በቀን ከተመደበለት ሚሊ ሊትር በላይ እንዳያልፍ። መብራት ሄዶ ሲመለስም በመጀመሪያው ሴከንድ ላይ ተነሥቶ አሲድ አይጨምር፤ ሙሉ አንድ የመቀላቀያ ጊዜ ይጠብቅ።

ይሁን እንጂ ፕሮግራም ብቻውን አያድንም። ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ፣ የሪሌው፣ ብረቶች ተጣብቀው ሊቀሩ ይችላሉ፤ ያኔ ፕሮግራሙ «አቁም» ቢልም ፓምፑ አይሰማም። እኔ ከሁሉ የምተማመንበት መከላከያ የጠርሙሱ ይዘት ነው። ጠርሙሱ በሙሉ በአንድ ሌሊት ቢፈስ እንኳ ሰላጣው እንዲተርፍ አድርገው አሲዱን ይበርዙት። መሞከሪያው ቀላል ነው። ጠርሙሱ 1 ሊትር፣ ገንዳው 200 ሊትር ከሆነ ከገንዳው 1 ሊትር ሙሙት በማሰሮ ይቅዱና ከጠርሙሱ 5 ሚሊ ሊትር ይጨምሩበት። ከ4.5 በታች ከወረደ ጠርሙሱ ገና ጠንካራ ነው፤ ይበርዙት። ቱቦውን ደግሞ ጫፉ ከውሃው በላይ እንዲሆን አድርገው ያስሩት፤ የተነከረ ቱቦ ያረጀ ፓምፕን አልፎ ራሱ ሊስብ ይችላል። የፓምፑ ላስቲክ እየለሰለሰ ሲሄድም በሰከንድ የሚሰጠው ሚሊ ሊትር ይለወጣልና በየወሩ በመስፈሪያ ይለኩት።

ሌላ የማየው ጥርጣሬ የሁለቱ ሴንሰሮች እርስ በርስ መረባበሽ ነው። የፒኤች ብርጭቆ እጅግ ደካማ ምልክት ነው የሚሰጠው፤ የኢሲ ሴንሰር ደግሞ በውሃው ውስጥ ጅረት ይልካል። ሁለቱ በአንድ ቦርድ ላይ የጋራ የኤሌክትሪክ መሬት (ግራውንድ) ካላቸው ፒኤቹ ያለ ምክንያት ይዘላል። የኢሲውን ሴንሰር ከውሃው ያውጡትና ፒኤቹን ይመልከቱ። ቁጥሩ በአንዴ 0.2 ወይም 0.5 ከተለወጠ አገኙት። መፍትሔው በየተራ ማብራት ወይም ምልክቱን የሚለይ ማግለያ ሰሌዳ መግጠም ነው። የሚያዘዋውረውን ፓምፕም እንዲሁ አንድ ጊዜ አጥፍተው ይሞክሩት።

ኢሲን በተመለከተ በአጭሩ። ኢሲ ጠቅላላውን የጨው መጠን እንጂ የትኛው ጨው እንደሆነ አይነግርም። ሴንሰሩን 1.413 ሚሊሲመንስ በሴንቲ ሜትር በሆነው ማመሳከሪያ ያስተካክሉ። ሙቀቱን እያሰበ የሚያርም መሆኑንም ያረጋግጡ፤ በአንድ ዲግሪ 2 በመቶ ገደማ ይለዋወጣልና፣ በ25 ዲግሪ 1.6 የሆነ ሙሙት ሳይታረም በ15 ዲግሪ ቢለካ 1.3 አካባቢ ያነባል፤ ማሽኑም በየሌሊቱ ሳያስፈልግ ማዳበሪያ ይጨምራል። ፒፒኤም (ከሚሊዮን ስንት እጅ ጨው እንዳለ) የሚያሳይ መለኪያ ካለዎት ኢሲውን በ500 ይሁን በ700 እንደሚያበዛ ይወቁ፤ ያው 1.6 በአንዱ 800፣ በሌላው 1120 ነው። ለሰላጣ ከ1.2 እስከ 1.8 በቂ ነው።

የጭማሪውን ስሌትም በማሽኑ ላይ አይጣሉት፤ አንድ ጊዜ በወረቀት ይሥሩት። ማዳበሪያው ሀ እና ለ ተብሎ በሁለት ጠርሙስ ተለይቶ የሚቀመጥ ነው፤ ከሀ እና ከለ ጠርሙሶች ከእያንዳንዱ በየሊትሩ 10 ሚሊ ሊትር ሲገባ ኢሲ በ2.0 የሚጨምር ከሆነ፣ 200 ሊትሩን ከ1.4 ወደ 1.6 ለማድረስ ከእያንዳንዱ 200 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። ማሽኑ መጀመሪያ 120 ይስጥ፣ ይጠብቅ፣ የቀረውን ያኔ ይወስን። ሀ እና ለ የተለያዩት በምክንያት ነው፤ ካልሲየም ከሰልፌትና ከፎስፌት ጋር ጠንከር ባለ ሁኔታ ሲገናኝ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ይዘቅጣል። ስለዚህ ሀ ከገባ በኋላ ተቀላቅሎ ሲያልፍ ለ ይግባ፤ ሁለቱ ቱቦዎችም አንድ ጥግ ላይ አይፍሰሱ። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ውሃው እስከ ልኩ፣ ቀጥሎ ማዳበሪያው፣ ፒኤች በመጨረሻ ነው። ማዳበሪያው ራሱ ፒኤችን ስለሚለውጥ አስቀድሞ ፒኤች ማስተካከል ሥራ መድገም ነው።

እኔ ከማንኛውም ሴንሰር በላይ የማየው መዝገብ የየቀኑ ጭማሪ ነው፤ ዛሬ ስንት ሊትር ውሃ፣ ስንት ሚሊ ሊትር ሀ እና ለ፣ ስንት ሚሊ ሊትር አሲድ። ውሃው እየቀነሰ ኢሲው ከወጣ ተክሉ ከምግቡ ይልቅ ውሃ ጠምቶታል፤ ሙሙቱ ጠንክሮበታልና ዒላማውን ዝቅ ያድርጉ። ውሃውም ኢሲውም ከወረዱ ተርቧል። ኢሲው በልኩ ሆኖ የማዳበሪያው ጭማሪ ቀን በቀን እያነሰ ከሄደ ግን ተክሉ የማይፈልገው ጨው፣ ብዙ ጊዜ ሶዲየምና ሰልፌት፣ ቦታውን እየያዘው ሊሆን ይችላል። ማሽኑ 1.6 እያየ ደስ ይለዋል፤ ሰላጣው ናይትሬትና ፖታሲየም አጥቷል። ይህን የሚያወጣው ሙሙቱን በየጊዜው መቀየርና አልፎ አልፎ በላቦራቶሪ ማስመርመር ነው።

የናይትሬት ሴንሰርን አሁን አይግዙ የምለው ከዚህ የተነሣ ነው። አንድን ንጥረ ነገር ብቻ የሚለዩ ሴንሰሮች አሉ፤ ይሠራሉም። ነገር ግን እንደ ፒኤች በሚሊቮልት የሚናገሩ ናቸው፤ ለናይትሬት የአንድ ሚሊቮልት ስህተት የ4 በመቶ፣ ለካልሲየም ደግሞ የ8 በመቶ ስህተት ነው። በየቀኑም ይንሸራተታሉ፣ ሌላው ጨው ይረብሻቸዋል፣ ቶሎ ቶሎ መመሳከር ይፈልጋሉ። የፒኤች ሴንሰሩን ገና ያላመነ ሰው እነሱን ሊያምን አይችልም። በዚያ ፈንታ የሙቀት ሴንሰር ከሌለዎት ያስገቡ። ውሃ በ20 ዲግሪ በሊትር 9.1 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል፤ በ25 ዲግሪ 8.3፣ በ30 ዲግሪ 7.6። ሥሩ ደግሞ በሞቀ ቁጥር ይበልጥ ይተነፍሳል፤ ሥር የሚያበሰብሰው ፒቲየምም ሙቀቱን ይወደዋል።

አሁን ሥራውን በዚህ መልክ ይያዙት። ለአንድ ሳምንት ማዳበሪያና አሲድ የሚጨምሩትን ሦስቱን ፓምፖች (ውሃውን የሚያዘዋውረውን ሳይሆን) ያጥፉና ማሽኑ ማንበብና መመዝገብ ብቻ ያድርግ፤ ማዳበሪያውንና አሲዱን ጠዋትና ማታ በእጅዎ ይጨምሩ። የባልዲውንና የመቀላቀያውን ፈተና በዚሁ ሳምንት ይጨርሱ፤ መሙያውንም በታከመ ውሃ ይለውጡ፤ አሁን ያለውን ሙሙት ደፍተው አዲስ ይጀምሩ። በሁለተኛው ሳምንት የማዳበሪያ ፓምፖቹን ይመልሱ። የአሲዱ ፓምፕ በመጨረሻ፣ በተበረዘ ጠርሙስና በቀን ገደብ ይመለስ። ከዚያ በኋላም ፒኤቹ በአንድ ሌሊት ከ0.3 በላይ ከተንቀሳቀሰ የሁለት ቀን መዝገቡን፣ የባልዲውን ውጤትና የሁለቱን ሴንሰሮች አቀማመጥ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ይላኩልኝ፤ አብረን እናየዋለን።